የፊላደልፊያው ፍርድ ያልከለከለው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2021 ስለ ፊላደልፊያ ከተማ የሰጠውን ፍርድ «ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ልጅ ማሳደግ ተከለከሉ» በሚል አርእስት ማውጣታችሁን አይቼ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ፍርዱ እንዲህ አላለም።

ጠቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከከተማው ጋር ከ50 ዓመት በላይ የሠራ አንድ የካቶሊክ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ባለትዳሮችን መርምሮ የአደራ ወላጅነት (ከቤተሰቡ የተለየን ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ የማሳደግ) ማረጋገጫ ቢሰጥ ጋብቻቸውን እንዳጸደቀ እንደሚቆጠርበት በመግለጹ፣ ከተማው ልጆች መላኩን አቆመ። ዘጠኙም ዳኞች ለድርጅቱ ፈረዱ፤ ከእነርሱ ስድስቱ የፈረዱት ግን የከተማው ውል አድልዎን ከልክሎ ሲያበቃ ይህን ሥራ የሚመራው የከተማው ኮሚሽነር በራሱ ሥልጣን ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ስለሚያስችለው፣ ለሌላ ሊፈቀድ የሚችለውን ለዚህ ድርጅት ያለ በቂ ምክንያት መንፈግ አይገባም በማለት ነው። ልዩ ፈቃድ የማያውቅ፣ ሁሉንም እኩል የሚያስገድድ ሕግ ቢኖር ምን ይወሰን እንደነበር ሆን ብለው ሳይነኩት አልፈዋል። በእኔ አስተያየት ከተማው የተረታው ያንን ቀዳዳ በውሉ ውስጥ በመተዉ ነው።

እኔና ባለቤቴ ፊላደልፊያ ባለችበት በፔንስልቬንያ ግዛት ሁለት ልጆች በአደራ አሳድገናል። ሊመረምሩን የመጡት ሴት የጭስ መጠቆሚያውን ሞከሩ፣ የመድኃኒት ሣጥኑ መቆለፉን አዩ፣ ስንጣላ እንዴት እንደምንታረቅ ጠየቁ፤ ያፈላንላቸውን ቡና ግን ሳይቀምሱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ተደውሎ የተጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጋ አላችሁ ወይ? ልጁ ልብሱን በቆሻሻ መጣያ ከረጢት ይዞ ደረሰ። አብረውን ሥልጠናውን የወሰዱ ሁለት ወንዶች፣ ባልና ባል፣ ያንኑ ምርመራ አልፈው ያንኑ ስልክ ሲጠብቁ ነበር። ቤታቸው ለልጅ የሚበቃ መሆኑ በዚህ ከተረጋገጠ፣ ሌላ መመዘኛ የሚጨመርባቸው ለልጁ ሲባል ነው ብዬ አላምንም።

እርግጥ ነው፣ ከተማውም ከወቀሳ አያመልጥም። 300 አዳዲስ የአደራ ቤተሰቦች በአስቸኳይ እንደሚፈልግ ባስታወቀ በቀናት ውስጥ፣ ድርጅቱ ቀድሞ ባረጋገጣቸው ቤቶች አዳዲስ ልጆች እንዳይገቡ አድርጓል። ሲካሰሱም፣ ከድርጅቱ ማረጋገጫ ጠይቆ የተመለሰ አንድም የተመሳሳይ ጾታ ጥንድ አልነበረም።

ጠቡ በተነሣበት ጊዜ በከተማው ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ከ20 የሚበልጡ ሌሎች ድርጅቶች ነበሩ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ተመሳሳይ ጾታ ካላቸው ጥንዶች አንዱ የሌላውን ልጅ በጉዲፈቻ እንዲወስድ መንገዱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ለማስገባት ያሰበ ሰው አርእስታችሁን አንብቦ ሐሳቡን እንዳይተው፣ እርማቱን ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ገጽ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የአደራ ወላጅ
ከፔንስልቬንያ