የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ምን ብሎ ነው እምቢ ያለው?»

ዘንድሮ የአይሲቲ ክበብ ዋና ሥራ አልከፈት ያለ ቪዲዮ መክፈት ነበር። ይህን ስናገር መምህራን ክፍል ውስጥ የሳቁ አሉ። ይሳቁ።

የአይሲቲ ክፍላችን ኮምፒውተሮች አርጅተዋል። በብሮውዘር ቀጥታ ስርጭት ሲከፈት ገጹ ከነማስታወቂያው ይመጣና ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ሲስተም) ላይ ስትሪምሊንክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫንን። የሚጫን ቁልፍ የለውም። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስሙን፣ ሊንኩንና የሚፈለገውን ጥራት ጽፎ ኢንተር ማለት ነው። እሱ ገጹን ትቶ ስርጭቱን ብቻ ይወስድና ለቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ያቀብላል። ማሽኖቹ እፎይ አሉ።

ችግሩ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይበላሻል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ የስህተት መልእክት ሲያዩ «ቲቸር፣ እምቢ አለ!» ብለው እጃቸውን ያነሡ ነበር። እኔም «ምን ብሎ ነው እምቢ ያለው?» እላለሁ። ዝም። እንግሊዝኛው የተጻፈው ለሌላ ሰው ይመስል ማንም አያነበውም። በዚህ ምክንያት አንድ ደብተር ገዛንና «የስህተት መዝገብ» አልነው። መልእክቱ እንዳለ ይጻፋል፣ ከሥሩ ትርጉሙ በአማርኛ፣ ከዚያ መፍትሔው። መዝገቡን የያዘችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሳይጻፍ ኮምፒውተር እንደገና የሚያስነሳ ሰው ከእሷ ጋር ይጣላል።

መጀመሪያ የተመዘገበው ሊንክ ያለ ትእምርተ ጥቅስ መጻፍ ነው። የዩቲዩብ ሊንክ ውስጥ ቁጥር 7 ቁልፍ ላይ ያለችው ምልክት ካለች ተርሚናሉ ትእዛዙ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ሊንኩን በጥቅስ መክበብ በቂ ነው። ቀጥሎ «ይህን ሊንክ የሚከፍት ፕለጊን የለም» የሚለው መጣ። ፕለጊን ስትሪምሊንክ አንድን ድረ ገጽ የሚከፍትበት ክፍል ነው። ድረ ገጾች ውስጣቸውን ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ፤ ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣው ስትሪምሊንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው። ፒፕ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ አዲሱን ስንጭን ተከፈተ። አንድ ልጅ ግን ከድሮ ማስተማሪያ ላይ ላይቭስትሪመር የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አግኝቶ ሲታገል ነበር። እሱ መሻሻሉን ካቆመ ቆይቷል፤ ስትሪምሊንክ ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ. ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው።

የዓመቱ ምርጥ ስህተት ግን የቀኑ ነው። መብራት ሲጠፋ የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ኮምፒውተር ቀኑን ይረሳል። አንድ ታታሪ የ9ኛ ክፍል ልጅ ቀኑን በእጁ አስተካከለ፤ ዓመተ ምሕረቱን 2017 ብሎ! በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የድረ ገጾቹን ማንነት የሚያረጋግጠው የደኅንነት ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስለዚህ ማሽኑ ሁሉንም «ገና ያልጸና ሰርተፍኬት» እያለ መለሰ። ኔትወርኩን ስንራገም ቆይተን መልእክቱን ያነበበችው የመዝገብ ያዣችን ነች። ልጁ «እና የማን አቆጣጠር ነው ትክክል?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ይህ ሁሉ ልምምድ የጠቀመን መጋቢት 5 ነው። ያን ዕለት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ የሚታየው ግን አሜሪካ ነው፣ እኛ ያለንበት ጎንደር ላይ ፀሐይ ወጥታለች። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 6፡26 ተብሎ ነበር። የልጆቹ ስልኮች 3 ጨምረው 9፡26 አሉ፤ እነሱም ከሰዓት በኋላ መሰላቸው። አቋራጩ ቀላል ነው፦ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ፣ የእኛ ሰዓት ይመጣል። ጠዋት 3፡26 ማለት ነው። የፊዚክስ መምህሩ ክፍላቸውን ይዘው መጡ።

ስርጭቱ ተከፈተ፣ ወዲያው ይቆራረጥ ጀመር። ጥራቱን ከ«ቤስት» (ካለው ከፍተኛው) ወደ 360 አወረድን፤ ተሻለው፣ አልዳነም። ቀጥታ ስርጭት አንድ ወጥ ጅረት አይደለም። የጥቂት ሰከንድ ቁርጥራጮች ናቸው፤ የቁራጮቹ ዝርዝር በየጊዜው ይታደሳል። ስትሪምሊንክ እንደተለመደው ከመጨረሻው 3ኛ ቁራጭ ላይ ይጀምራል። ይህን ወደ 6 ከፍ ሲያደርጉት ከቀጥታው ትንሽ ይዘገያል፣ በምትኩ ኔትወርኩ ሲደክም የሚበላው ስንቅ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ጨረቃዋ ስትቀላ አየን። መምህሩም ቀይ የሆነችው የፀሐይ ብርሃን በምድር ከባቢ አየር ውስጥ ታጥፎ ስለሚደርሳት እንደሆነ አስረዱ። (ሒሳቡን ለሚጠይቁ ወላጆች፦ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ስርጭት በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። የክበቡ መዋጮ የሚሄደው ወደ ፓኬጅ ነው።)

ከእኛ ወገን የማይጠገን ችግርም አለ። በጥምቀት ሰሞን ውጭ ሀገር ያለች የአንድ ተማሪ አክስት ደውላ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስርጭት ቆመብኝ አለች። ልጁ በኩራት ትእዛዝ ሊልክላት ሲል አስቆምኩት። ስትሪምሊንክ የሚሠራውን አንድ በአንድ የሚያሳየውን አማራጭ ሲከፍቱ የቁራጮቹ ዝርዝር ይታደሳል፣ አዲስ ቁራጭ ግን አይመጣም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የላኪው ኔትወርክ ነው የተጨናነቀው። ተቀባይ ቢነካካ ምን ያመጣል?

ኳስ ጉዳይ በየስብሰባው ይነሣል። መልሴ አልተቀየረም። ስትሪምሊንክ የተቆለፈ የክፍያ ስርጭት አይከፍትም፣ የተሰረቀ ሊንክም ክበባችን ውስጥ አይከፈትም። ፋሲል ከነማን በነፃ የሚያስተላልፍ ሲገኝ ግን እኔው ራሴ ተርሚናሉ ላይ እቀመጣለሁ።

ለ2018 የሚያስፈልገን ትንሽ ነው። ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ለእያንዳንዱ አሮጌ ኮምፒውተር አንድ፣ እና አዲስ ደብተር። የመጀመሪያው ሊሞላ ነው። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ መዝጋቢዋ ያው የ10ኛ ክፍሏ፣ አሁን የ11ኛ፣ ተማሪ ናት።