ፋሻው ከየት መጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ የተመሠረቱ አጫጭር ልብ ወለዶች እየበዙ ነው። በተለይ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ሴቶች ቁስለኛ ሊያስታምሙ በፈቃዳቸው የሚዘምቱባቸው ታሪኮች ደጋግመው ይወጣሉ። ይህን እንወደዋለን። ሆኖም አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። ጓደኛሞቹ ስለ አገርና ስለ ፍቅር አብዝተው ያወራሉ፤ እጃቸው ግን ሥራ ፈት ነው። ፋሻው ከየት እንደመጣ፣ ቃሬዛውን ስንት ሰው እንደተሸከመ፣ ውኃው ስንት ሰዓት እንደፈላ አይነገረንም። እኛ በነርስነትና በታሪክ መምህርነት የሠራን የባሕር ዳር ነዋሪዎች ነን። እንዲህ ያሉ ሴቶች ወዳጅነታቸው የሚታወቀው በሥራቸው ነው እንላለንና ደራሲዎቻችን ሥራውን በትክክል ቢጽፉት ደስ ይለናል።

ከፋሻው እንጀምር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1927 ዓ.ም. ነው። የፋብሪካ ፋሻ በሕክምና ቡድኖቹና በጥቂት ሆስፒታሎች እጅ ነበር። ጣና ዳር ያለች ገጸ ባሕርይ ያላት ነጠላ ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ለፋሻ ይመቻል፤ አዲስ ነጠላ ግን ደም አይመጥም። ጥጡ በተፈጥሮው ቅባት አለው፣ ሸማኔውም ድሩን በሙጫ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ይመረጣል፤ አዲስ ብቻ ካለ በአመድ ውኃ ይቀቀላል። በእንዶድ ካጠቡትም ሦስት አራቴ መለቅለቅ ነው፤ የእንዶድ ቅሪት የተገለጠ ሥጋን ያቃጥላል። ጥለቱ ተቆርጦ ይጣላል፤ ወፍራም ነው፣ ቀለሙም ይለቃል። ከዚያ ጨርቁ በአራት ጣት ስፋት ይቀደዳል። መቀስ አያስፈልግም፤ ሲቀደድ የድሩን መስመር ስለሚከተል ጠርዙ ቀጥ ይላል።

ከአንድ ነጠላ አሥራ አምስት ያህል ጥቅል ይወጣል። ጭኑ የቆሰለ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስቱን ይጨርሳል፤ እንግዲህ አንድ ነጠላ ለአምስት ስድስት ቁስለኛ፣ ያውም ለአንድ ዙር ብቻ። ጥቅሉ ከላላ ከእጅ አምልጦ ጭቃ ላይ ይተረተራል፤ ስለዚህ አንዷ ትወጥራለች፣ ሌላዋ ትጠቀልላለች። ደራሲዎች ሆይ፣ የልብ የልባቸውን የሚያወጉት እዚህ ላይ ይሁን። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በመካከላቸው የተወጠረ ጨርቅ ይዘው፣ ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ።

ስለ መቀቀል አንድ ነገር እንጨምር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ግድም ነው። እዚህ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። በቆላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ «ሃያ ደቂቃ ይቀቀል» ቢል እኛ ዘንድ ሠላሳ ማድረግ ይሻላል። ያም ሆኖ የመንጋጋ ቆልፍ ዘር በተራ መቀቀል አይሞትም። የሚኖረው በአፈርና በፈረስ፣ በበቅሎ ፋንድያ ውስጥ ነው፤ ስንቅም ቁስለኛም በበቅሎ በሚጓጓዝበት ጦርነት ደግሞ ፋንድያ የሌለበት ሰፈር የለም። በብዙዎቹ ታሪኮች ጀግናው ጥይቱ ወጥቶለት፣ ቁስሉ ተሰፍቶ፣ በሦስተኛው ቀን ይስቃል። እስከዚህ እሺ። በስምንተኛው ቀን ግን «መንጋጋዬን ያዘኝ፣ ማኘክ አቃተኝ» ሊል ይችላል። አስታማሚዋ ይህን ስትሰማ ምን እንደሚከተል ታውቃለች፣ እሱ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ምዕራፍ እስካሁን አላነበብንም።

ጥይት ማውጣት ራሱ የተጋነነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገድለው እርሳሱ ሳይሆን ጥይቱ ይዞት የገባው የልብስ ብጣሽና አፈር ነው። እሱን አጥቦና የሞተውን ሥጋ አንሥቶ ቁስሉን ክፍት መተው፣ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ከአራት አምስት ቀን በኋላ መስፋት ነው ደንቡ። የጦር ሜዳ ቁስልን በዚያው ሌሊት ግጥም አድርጎ የሰፋ ሰው መግሉን ውስጥ ቆልፎበታል። አረቄ ማፍሰስም ለፊልም ያምራል እንጂ ሥጋውን አቃጥሎ ተሐዋስያኑን በቅጡ አይገድልም፤ ጠጅማ ከዚያም የደከመ ነው። ቅቤ አደገኛ ነው። ማር ይሻላል። በጊዜው ከነበሩት መድኃኒቶች ቲንክቸር አዮዲን፣ ፐርማንጋኔት፣ ኪኒንና ሞርፊን ይበቃሉ። በ1928 ዓ.ም. ፔኒሲሊን የምትወጋ ነርስ ካየን ገጹን እናጥፋለን፤ መድኃኒቱ ለሰው በመርፌ መሰጠት የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው።

ስብራት ላይ ወጌሻውን አትርሱት። የቀርከሃ ስንጣሪ ጥሩ መደገፊያ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሲጠብቅ ነው። እግሩ ሲያብጥ ማሰሪያው ደም ይዘጋል፣ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ከጓደኛሞቹ አንዷ በየሰዓቱ የእግር ጣት እየዳሰሰች የምታድር ከሆነ፣ በወጌሻውና በእሷ መካከል ጠብ መነሣቱ አይቀርም። እሱ ጎልማሳና የተከበረ ባለሙያ፣ እሷ የትናንት ልጅ። ከጣሊያን ጋር ከሚደረገው ውጊያ ይልቅ ይህኛው ለልብ ወለድ ይመቻል ብንል አልተሳሳትንም።

ቃሬዛ። ሁለት አጣናና አንድ ጋቢ ይበቃል። ጋቢው ይዘረጋና አንዱ አጣና ከጠርዙ ሲሶው ላይ ይቀመጣል፤ ጨርቁ በላዩ ይታጠፋል። ሁለተኛው አጣና በታጠፈው ላይ ይጋደምና የተረፈው ጨርቅ ይመለስበታል። ስፌትም ቋጠሮም አይፈልግም፤ ቁስለኛው ሲተኛበት በክብደቱ ይቆለፋል። ዳገት ሲወጣ ራስጌው ይቀድማል፣ ቁልቁለት ሲወረድ እግርጌው። አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ለሁለት ሴቶች በነፍስ ወከፍ ሠላሳ ኪሎ፣ ያውም በሁለት እጅ አንጠልጥለው። ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ላይ ጣት ይከዳል። «ሌሊቱን ሙሉ ተሸክመውት አደሩ» የሚባለው ስለዚህ አይሆንም። አራት ተሸካሚ፣ ለቅያሪም አራት ያስፈልጋል። ሌሎቹን ስድስት ሰዎች ከየት ያመጣሉ? የመንደሩን ሰው መለመን፣ የፈራውን ማግባባት፣ ምናልባት መቆጣት አለባቸው። እዚህ ላይ ነው የትኛዋ አንደበተ ርቱዕ፣ የትኛዋ ቁጡ እንደሆነች የምናውቀው።

ሐይቁን ለሚጽፉ ደግሞ የሚከተለውን አጥብቀን እናሳስባለን። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የጣና ደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ሦስት ሴቶች ቁስለኞችን ይዘው ክብራን ውስጥ ተደበቁ የሚል ታሪክ የጣና ዳር አንባቢ ገና ከመጀመሪያው ይጥለዋል። እንጦስ እዚያው አጠገብ ነው፤ ሴት ይገባል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም፣ የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም አሉ። ወይም ክልከላውን ራሱን ተጠቀሙበት፤ ወንዶቹ ቁስለኞች ለመነኮሳቱ ተሰጥተው ሴቶቹ ታንኳው ላይ ይቅሩ።

ታንኳ ደንገል ነው። ውኃ ይጠጣል፣ እየከበደ ይሄዳል፣ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ አያገለግልም። የተጋደመ ሰው ከጫነ ከቀዛፊው ሌላ ለአንድ ሰው ቢተርፍ ነው፤ እሱም ይረጥባል። ስለዚህ ከጓደኛሞቹ አንዷ ትሄዳለች፣ ሌሎቹ ይቀራሉ፤ ማን እንደምትሄድ መወሰን አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ስለሚያስቸግር ጉዞው በማለዳ ይሁን። ከጎርጎራ ባሕር ዳር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ሌሊት በታንኳ ተቀዝፎ አይደረስም።

ሰሜን ግንባር ድረስ የሚያዘምቷቸው ደራሲዎች የመርዙን ጋዝ ጠባይ ይወቁ። ጣሊያን ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የረጨው ይፔሪት ወዲያው አይጥልም። ሰውየው በእግሩ ይመጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ዐይኑ ይደፈናል፣ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል። ባዶ እግሩንና በስስ ሸማ የዘመተ ወታደር ከለላ አልነበረውም። ጓደኛሞቹ ሊሳሳቱ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው፤ አዝነው ያቅፉታል፣ ሸማውን አጣጥፈው ትራስ ያደርጉለታል። መርዙ ያለው ሸማው ላይ ነው፤ በማግስቱ የእነሱም ክንድ ያብጣል። መጀመሪያ ልብሱን በዘንግ አንሥቶ መጣል ወይም መቅበር፣ ከዚያ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ዐይኑን ሳያሹ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነበረባቸው። የቀይ መስቀል ምልክትም ከለላ አልሆነም። ደሴ ያለው ሆስፒታል ኅዳር ላይ፣ ደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን የሕክምና ቡድን ታኅሣሥ ላይ በቦምብ ተደብድበዋል።

ጎጃም ላይ ከተጻፈ ግን ነገሩ የአርበኝነት ዘመን ነው፤ ቀጥ ያለ ግንባር አልነበረም። ጠላት በምሽግ፣ አርበኛው በዱር፣ የውስጥ አርበኛዋ በመካከል። አዮዲንና ፋሻ ከከተማ የሚወጣው በእንዲህ ያሉ ሴቶች እጅ ነበር። እነ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌና ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። በዱር ካሉት ጋር ስንቁ በሶ ይሁን፤ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢያንስ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ጭስ ደግሞ አውሮፕላን ይጠራል። ነጭ ሸማም እንዲሁ። ጾሙንም አትዝለሉ። ማይጨው የተዋጋነው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ፋሲካ ሊደርስ 12 ቀን ሲቀረው፣ በሁዳዴ። ለቁስለኛ የዶሮ መረቅ ልታጠጣ የምትል ሴት መጀመሪያ ከቄሱ ጋር ትነጋገር፤ እሱ ቢፈቅድ እንኳ ቁስለኛው እምቢ ሊል ይችላል።

ደብዳቤ የሚጻጻፉ ጓደኛሞችም በዝተዋል። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ የተማረች ሴት ጥቂት ነበረች። አብዛኛዋ ለደብተራ ተናግራ ታስጽፋለች፣ ሲደርሳትም በሰው ታስነብባለች። ታዲያ ምሥጢሩ ሁሉ በሦስተኛ ሰው ጆሮ ያልፋል፤ በቅኔ፣ በሰምና ወርቅ መናገራቸው የግድ ነው። በቃል አጠራሩም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባላባት ልጅና የገረድ ልጅ አብረው ቢዘምቱ ከመጀመሪያው ቀን «አንቺ፣ አንቺ» አይባባሉም። አንዷ «እመቤቴ» ትላለች። አንድ ሌሊት፣ ቁስለኛ ይዘው ሲታገሉ፣ «እቴ፣ ያዢልኝ!» ብላ ታመልጣት። ሁለቱም ይስሙት፣ ደራሲው ግን አያብራራው።

የመጨረሻው ቅማል ነው። ግርሻና ተስቦ ከጥይት የማይተናነስ ሰው ይፈጃሉ፤ ሁለቱንም የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል በስፌትና በእጥፋት ውስጥ ይኖራል። ማታ ማታ አንዷ የሌላዋን ቀሚስ ይዛ ቅማሉን በጥፍሯ ታደቀዋለች፤ ፍቅር ያለበት ሥራ ነው። ግርሻ ግን የሚተላለፈው ቅማሉ ሲደቅ ነው፤ ከውስጡ የወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በታሸ ዐይን ይገባል። ቀሚሱን መቀቀል ይሻላል፤ ማገዶ ከሌለ ከሳምንት በላይ ሳይለብሱ ማቆየት፣ ቅያሪ ካለ። ግርሻው ከያዛት ግን ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ድንገት ይመጣል፣ አምስት ስድስት ቀን ቆይቶ በላብ ይለቃል፣ ዳነች ሲባል ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል።

ገጻችሁ ከፈቀደ፣ እንዲህ ያሉ ረቂቆች ሲደርሷችሁ ከመታተማቸው በፊት አንብበን አስተያየት ለመስጠት ዝግጁ ነን። በእጅ የተጻፈም ቢሆን እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጡ ነርሶችና የታሪክ መምህራን
ባሕር ዳር