የቫኩም ብሬከር ሴራሚክ ከውስጥም ይቆሽሻል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ቫኩም ብሬከር (አየር በሌለው ዕቃ ውስጥ ከረንት የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መስመር ማቋረጫ) ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ጥገና የማይፈልግ» የምትል ቃል አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ የጥገና ሰዎችም እንላታለን። ግን ብዙ ሰው ታዘናጋለች።

ብሬከሩ ከረንት እያለፈበት ሲከፈት ኮንታክቶቹ፣ ማለትም ተነካክተው ከረንቱን የሚያሳልፉት የብረት ጫፎች፣ ይላቀቁና በመካከላቸው አርክ (የሚነድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ይነሳል። ኮንታክቶቹ የታሸጉበት ቦትል (ግድግዳው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሴራሚክ ነው) ውስጥ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ግፊቱ ከውጭው አየር ከ10 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ታዲያ አርኩ በምን ይነድዳል? ከኮንታክቱ ከራሱ በሚተን ብረት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በመዳብና በክሮምየም። ከረንቱ ዜሮ ላይ ሲደርስ አርኩ ይጠፋል፤ የብረቱ ተን ደግሞ ወዲያው ይበተንና ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ይለጠፋል። ኮንታክቶቹን የሚከበው ሺልድ (የብረት መከለያ) የተገጠመው ለዚህ ነው፣ ተኑ ሴራሚኩ ጋ ሳይደርስ እንዲቀበለው። አብዛኛውን ይቀበላል። ሁሉንም ግን አይደለም።

አንድ ጊዜ ከሥራ የወጣ ቦትል ተቆርጦ አይቻለሁ። የሺልዱ ውስጠኛ ክፍል በመዳብ ፍንጣሪ ተዥጎርጉሯል። ሴራሚኩ ነጭ ነው፣ ሺልዱ የሚያልቅበት ጋ ግን ቀለበት የመሰለ ግራጫ ጥላ ዞሮበታል። ጣቴን አሳለፍኩበት፣ ምንም አይሰማም። በጥፍር ብፍቀውም አልለቀቀም። ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፣ ግን ያ ጥላ ብረት ነው! ስስ ሆኖም ቢሆን የሴራሚኩን የገጽ ሬዚስታንስ (ከረንት የመከልከል አቅም) ያወርዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ብረት የለበሰው ክፍል ቮልቴጁን መሸከም ስለሚያቅተው ጫናው ንጹህ ሆኖ በቀረው ላይ ይከማቻል፣ በመጨረሻም ብልጭታው የሴራሚኩን ገጽ ተከትሎ ይዘላል።

ከውጭ ይሄ አያስታውቅም። ሜገር (ይህን ሬዚስታንስ የምንለካበት መሣሪያ) ዝቅ ብሎ ካነበበ፣ ብሬከሩ ከመስመር ከወጣ በኋላ፣ ውጩን ክር በማይተው ደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ደግማችሁ ለኩ። ከተስተካከለ አቧራና እርጥበት ነበር። ካልተስተካከለ የውስጡን ጠርጥሩ። ቦትሉ የታሸገ ስለሆነ ተከፍቶ አይጸዳም፣ ይቀየራል እንጂ። ሜገሩ ጥሩ አነበበ ማለት ደግሞ ቫኩሙ አለ ማለት አይደለም። ለእሱ ኮንታክቱን ከፍቶ በከፍተኛ ቮልቴጅ መፈተሽ ያስፈልጋል፣ አምራቹ ባዘዘው መጠን ብቻ፣ ሰውም ራቅ ብሎ፣ ምክንያቱም ራጅ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብሬከሩ ላይ ያለው ቆጣሪ ስንት ጊዜ እንደከፈተ እንጂ በምን ያህል ከረንት እንደከፈተ አይነግረንም። ሾርት ሲቆርጥ ግን የሚተነው ብረት ከተራው አከፋፈት እጅግ ይበልጣል። እኔ ባየኋቸው የጥገና መዝገቦች ላይ ሾርቶች ለብቻ የሚጻፉበት ቦታ የለም። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይቺን ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ የጥገና ባለሙያ