ደብዳቤ ለልጄ፦ ርዕሱን አትቀይሪው

ልጄ ዘሀራ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

ስልክ ላይ ያልሽኝ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። «የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ልቀይር ነው እማዬ። የኮምቦልቻ ልጅ ስለ ህንድ ውቅያኖስ ምን አገባት? ባሕር እንኳ የለንም» አልሽኝ። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ካልነገርኩሽ በቀር ዓመታቱን የማስቀምጥልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አንበጣው ትዝ ይልሻል አይደል? በኛ የ2013 ጥቅምት። ከከተማው ወረድ ብሎ ያለው ማሽላ ለአጨዳ እየደረሰ ነበር። ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰው ሁሉ ማሳ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ነጠላ ያራግባል። መንጋው ከአንዱ ማሳ ብድግ ይልና የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። አንድ የማሽላ ራስ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ፍሬው ተቆርጥሞ አልቆ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ባለማሳው አጠገቤ ቆሞ ምንም አላለም።

ያ መንጋ ከየት መጣ? በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች ከህንድ ውቅያኖስ ተነስተው የደቡብ ዓረቢያን በረሃ በውሃ አጥለቀለቁት። ደርቆ የኖረው አሸዋ ለመለመ። አንበጣው ሰው በማይደርስበት በዚያ በረሃ ተራባ፣ ደግሞ ተራባ። በቀጣዩ ዓመት የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ጎን ከወትሮው በላይ ሞቀ። በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ በዛ፤ መንጋውም ባረፈበት ሁሉ ለምለም ጠበቀው። ወሎ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። በደሴ ዙሪያ ደጋ የሚዘንበው በልግም ቢሆን ብዙ እርጥበቱን የሚያገኘው ከዚያው ውቅያኖስ ነው። ታዲያ ምን አገባኝ ትያለሽ?

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ። ህንድ ውቅያኖስ ስፋቱ 70 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዓለም ሦስተኛ። ከፓስፊክና ከአትላንቲክ የሚለየው ግን ሰሜኑ በእስያ ምድር መዘጋቱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ያ ሰፊ ምድር ይግላል፣ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ነፋስም ከባሕሩ ወደ እስያ ይነፍሳል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ምድሩ ይቀዘቅዝና ነፋሱ ዞሮ ከእስያ ወደ አፍሪካ ይመጣል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። መርከበኛ በሸራ ብቻ አገር ለአገር የዞረው ይህን አምኖ ነው።

መጻሕፍቱ ስለ ነፋሱ ብዙ ይላሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር መጠበቁ ነው። ከዓረብ፣ ከፋርስ ወይም ከህንድ የተነሳ ነጋዴ በታኅሣሥና በጥር ነፋስ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ካሉት ከላሙ፣ ከሞምባሳ፣ ከዛንዚባር ወይም ከኪልዋ አንዱ ይደርሳል። ዕቃውን ሸጦ ወዲያው ልመለስ ቢል አይሆንለትም፤ ነፋሱ ፊት ለፊቱ ነው። ስለዚህ ይቀመጣል። ወራት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቤት ይከራያል፣ ወዳጅ ያፈራል፣ ያበድራል፣ ይበደራል፣ ሚስት ያገባል። በሌላ ዓመት ሲመለስ ልጅ ተወልዶ ይጠብቀዋል። ልጁ በእናቱ ቋንቋ አፉን ይፈታል፣ ከአባቱ ጋር መስጊድ ይሄዳል።

የስዋሂሊ ሕዝብ ታሪክ ብዙው እንዲህ ያለ ነው። ቋንቋው በሰዋስዉ ባንቱ ከሚባሉት የአፍሪካ ቋንቋዎች ነው፤ ከዓረብኛ የተዋሰው ቃል ግን ሞልቷል። በ2023 የወጣ የጥንት አፅሞች የዘረመል ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። በመካከለኛው ዘመን በዚያ ዳርቻ ከኖሩት ብዙዎቹ በእናታቸው በኩል አፍሪካውያን ናቸው። በአባታቸው በኩል ደግሞ በአብዛኛው ዘራቸው ወደ ፋርስ ይሄዳል። እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው፦ ታሪክ የነጋዴውንና የሱልጣኑን ስም ጽፏል፤ የእነዚያን እናቶች ስም ማንም አልጻፈም። ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ የሚነገረው የእነሱ ነው።

ነጋዴው ደሴት የሚመርጠውም ያለ ነገር አይደለም። ከምድሩ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ደሴት ላይ ጠላት በእግር አይደርስም፣ ገበያው ግን ማዶ ነው። ኪልዋን ተመልከቺ። ከዚምባብዌ ደጋ ወደ ሶፋላ ወደብ የሚወርደው ወርቅ በእሷ እጅ ያልፍ ነበር። የራሷን የመዳብ ሳንቲም ትሠራ ነበር። በ1331 ያያት ኢብን ባቱታ ውበቷን መስክሮላታል። በ1505 ፖርቱጋሎች መድፍ ጭነው መጡና ዘረፏት። ስንት መቶ ዓመት ሰው ተጋብቶና ተበዳድሮ የሠራውን ነገር እነሱ በአንድ ጊዜ በጉልበት ሊይዙት ፈለጉ።

ማዳጋስካርንም እዪ። ከአፍሪካ የሚለያት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ነው። የቋንቋዋ የቅርብ ዘመድ ግን ያለው ውቅያኖሱን ተሻግሮ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ነው። ሞሪሸስ ደግሞ ከነጭራሹ ነዋሪ አልነበራትም። በ1638 ሆላንዶች ሰፈሩባት፣ በኋላ ፈረንሳዮች ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ ባሪያ አመጡባት፣ ከ1834 ጀምሮ እንግሊዞች የህንድ ሠራተኛ አጋዙባት። ዛሬ አብዛኛው ሕዝቧ የህንድ ዘር ነው። በውቅያኖሱ መካከል ባሉት የቻጎስ ደሴቶች የሆነው ተቃራኒው ነው። እዚያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ተነቅሎ ወጣ፤ ምክንያቱ ከደሴቶቹ በአንዱ፣ በዲዬጎ ጋርሺያ፣ የጦር ሰፈር መፈለጉ ነው።

አሁን የኛን ሰዎች ላንሳልሽ። የአክሱም ሳንቲም ህንድ ድረስ ተገኝቷል፣ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ የማስበው ግን ስለ ማሊክ አምባር ነው። በ1548 ገደማ እዚህ አገር ተወለደ። ልጅ ሳለ ተሸጠ። ዓረብ አገርን፣ ባግዳድን አልፎ ህንድ፣ ደካን ደረሰ። እዚያ ነፃ ወጣ፣ ወታደር አሰባሰበ፣ የአህመድናጋርን መንግሥት በእንደራሴነት መራ። ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሞጉሎችን ጦር ለብዙ ዓመታት ገትሮ ያዘ። በ1610 ኻድኪን ቆረቆረ፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ከተማ እሷ ናት። ከመሬት በታች በቦይ ውሃ አስገባላት። በ1626 ሞተ። ከሙምባይ በስተደቡብ ባሕር መካከል ያለችውን የጃንጂራን ምሽግም የሐበሻ ዘር ያላቸው ሲዲዎች ገዝተዋታል። ማራታ የተባሉት የህንድ ተዋጊዎች ደጋግመው ሞክረው አልያዟትም።

ስለ አምባር ሳነብ ኩራቱ ይመጣል፤ ግን «ልጅ ሳለ ተሸጠ» ከሚለው አላልፍም። እናት ነበረችው። ልጇ የት እንደደረሰ ሳታውቅ ነው የሞተችው ብዬ አስባለሁ። እሱ አንድ ነው፤ ስማቸው ያልተጻፈው ስንት ሺህ ናቸው? ከደጋው ወደ ታጁራ ወደብ የሚወርደው የባሪያ መንገድ እኮ በወሎም ያልፍ ነበር። ባሕር የለንም ባልሽኝ ጊዜ የተከፋሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ርዕሱን አትቀይሪው፣ አጥብቢው። «ህንድ ውቅያኖስ» ለአንድ መመረቂያ ጽሑፍ በጣም ሰፊ ነው፤ አማካሪሽም ይህንኑ የሚልሽ ይመስለኛል። ከኛ አገር ተሸጠው የሄዱትን ያዢ። ከየት ተነሱ? በየትኛው ወደብ ወጡ? በየትኛው ወር ተጫኑ? ወሩን እንዳትዘልዪው፤ መቼ እንደሚሄዱና የት ቆመው እንደሚጠብቁ የሚወስነው ነፋሱ ነው።

አያትሽ ደግሞ አለልሽ። በአሰብ መስመር መኪና ሲነዳ ከየመን በሳንቡክ ጀልባ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ብዙ ሻይ ጠጥቷል። በየትኛው ወር እንደሚመጡ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ምን ጭነው እንደሚሄዱ ያስታውሳል። ለአረፋ ስትመጪ መቅረጫ ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ። ጆሮው ደከም ብሏልና ጮክ ብለሽ ጠይቂው፤ ጠዋት ከቡና በኋላ ነው ጨዋታው የሚመጣለት።

ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ትንሽ ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ምሳ እንዳትዘልዪ። አብሽሪ ልጄ፣ ትችይዋለሽ።

እናትሽ
ኮምቦልቻ