ሐምሌ ላይ ከመምጣታችን በፊት

ውድ እህቴ፣

ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል የምትይኝን አውቃለሁ። ይቅርታ፣ ከልቤ። የቀረውን ስድብ ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ። ሁላችንም ደህና ነን፣ ለንደንም እንደነበረች ናት። የጻፍኩልሽ ስለ ክርስትና ልጅሽ ነው።

መብላት እየተወች ነው።

በዐቢይ ጾም "ዘንድሮ ሙሉውን እጾማለሁ" ስትል እማዬ በስልክ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ዶሮው ቀረበ፣ እሷ ግን ጾሙን አልፈታችም። መጀመሪያ ሥጋ አስጠላኝ አለች። ቀጥሎ እንጀራ። ከዚያ "ትምህርት ቤት በልቻለሁ" ሆነ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ እንዲህ ያለውን ሕመም ወደሚያክሙ ባለሙያዎች ልካናለች፣ ተራ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ቁርሱንም ምሳውንም እራቱንም አብረናት እንቀመጣለን። አንዳንዱ እራት እንዴት እንደሚረዝም... ተይው፣ ስመጣ እነግርሻለሁ።

አንድ ማታ አጠገቧ ጋደም ብዬ ስልኳ ላይ የምታየውን አሳየችኝ። ዘፋኞች፣ ተዋናዮች። ፎቶው አንድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ወሬ ግን ማለቂያ የለውም። "ወፈረች።" "አርግዛ ነው እንዴ?" ስትከሳ ደግሞ "ምን ነካት፣ አጥንቷ ወጣ።" ልጅሽ ምን አለችኝ መሰለሽ? "ማሚ፣ እነሱን እንዲህ ካሏቸው እኔንማ ምን ይሉኛል?"

የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና ትዝ አለችኝ። ደብተራችን ላይ የለጠፍናት ዳያና። ያኔ እኛ የምናየው ጸጉሯንና ቀሚሷን ነበር። ለሠርግ ቀሚሷ መጀመሪያ ስትለካ ወገቧ 29 ኢንች ነበር። በፈረንጆቹ ሐምሌ 1981 በተሞሸረችበት ቀን 23 ተኩል ደርሷል። ይህን በቴፕ ቀድታ የተናገረችው ራሷ ናት። እጮኛዋ ወገቧን ይዞ ወፈር ብለሻል እንዳላትም ተናግራለች። አስቢው፣ መታጨቷ ሲታወጅ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራ ከፊቷ አልጠፋም። በ1995 ለቢቢሲ ስትናገር ለዓመታት ቡሊሚያ እንደነበረባት፣ እየበላች እንደምታስመልስ፣ ምስጢር ሆኖ የሚኖር በሽታ እንደሆነ ገለጸች። ጋዜጠኛው ያን ቃለ መጠይቅ በማታለል እንዳገኘው በ2021 በምርመራ ታውቋል፣ እሱም ያንገበግበኛል። ሕመሟ ግን እውነት ነበር። በዓለም ላይ እንደ እሷ ፎቶ የተነሣች ሴት አልነበረችም፣ ያ ሁሉ ሌንስ ግን ይህን አላየም።

የታይታኒኳ ኬት ዊንስሌትስ? አንቺና እኔ ያለቀስነው ለፍቅሯ ነው። እዚህ ያሉት ጋዜጦች ግን ክብደቷ ላይ ይቀልዱ ነበር። በ2003 የጂኪው መጽሔት የእንግሊዝ እትም ሽፋኑ ላይ እግሯን በኮምፒውተር አቅጥኖ አወጣት። "እኔ እንዲህ አይደለሁም፣ መሆንም አልፈልግም" አለች፣ በአደባባይ። በ2021 በወጣ ድራማም ዳይሬክተሩ ሆዷ የሚታይበትን ቆርጬ ላውጣልሽ ሲላት እንዳትነካው ብላዋለች። ይህን ለልጅሽ ስነግራት ስልኳን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። "እውነቷን ነው?" አለች። ይቺን ያህል እንኳን ማግኘቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በጣም ነው የምናደደው። ሱቅ ውስጥ በየመደርደሪያው የታዋቂ ሴቶችን ሆድና ጭን በቀይ ክብ ከበው የሚያወጡ መጽሔቶች ነበሩ። ገጹን ስትገልጪ የክብደት መቀነሻ ታገኛለሽ። ገንዘብ አለበት። አሁን ያ ሁሉ ልጄ ትራስ ሥር ገብቷል።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ እንገባለን። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ። ሻንጣ ሳናወርድ "ወፍረሻል! አምሮብሻል!" ይላታል፣ በፍቅር። እሷ ግን ፍቅሩን አትሰማውም፣ የምትሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። "ምነው ከሳሽ?" ከተባለች ደግሞ የባሰ ነው፣ ልፋቷ የተመሰገነላት ይመስላታል። ሐኪሟ ስለ ሰውነቷ ክፉም ደግም እንዳይነሣ ብላለች። አንቺዬ፣ አፍሽ እንደማያርፍ አውቃለሁ፣ በር ላይ እልል ብለሽ ልትጮሂ ነው። ስለ ጸጉሯ ጩኺ፣ ስለ ሰውነቷ ግን አደራ።

እማዬን አንቺ አናግሪያት። እኔ ስነግራት "ጠግባ ነው" ብላ እንዳትዘጋብኝ ፈርቼ እስካሁን ዝም አልኩ። አንቺን ትሰማሻለች፣ ነርስ ነሽ። ጉርሻም ይቅር በያት፣ ልጅቷ ትጨነቃለች። ፍልሰታም እየመጣ ነው። ሰፈሩ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሲጾሙ እሷን ብይ ማለት ይከብዳል። የንስሐ አባታችንን ጠይቄ "የታመመ አይጾምም፣ ትብላ" ብለውኛል። ይህንንም ንገሪያት፣ ከእሳቸው አፍ መሆኑን ካወቀች አትከራከርም።

ልጅሽን ደግሞ ቡና ስታፈዪ አጠገብሽ አስቀምጫት። ስለ ምግብ አታንሺባት። ስለ ሥራሽ አውሪላት፣ ስለ እኔም የፈለግሽውን አውሪላት። አንቺ ጋ ስትሆን ትስቃለች፣ እዚህ ሳቋን ከሰማሁ ቆየሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ከዚያ በፊት እማዬን ካገኘሻት ያለችሽን በድምፅ ላኪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

የአንቺው