የገበታው ለውጥና የሴቶች ሰውነት፤ ከክብደት ባሻገር ሊነገር የሚገባው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ ባህላዊ አመጋገብ ከዘመናዊው የምዕራባውያን አመጋገብ ጋር የተነጻጸረበትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁ። በፋብሪካ የተቀነባበሩ ምግቦች ለውፍረት እንደሚዳርጉ መግለጹ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስለ ክብደት ብቻ የሚናገር በመሆኑ፣ ወንድንና ሴትንም አንድ ዓይነት ሰውነት እንዳላቸው አድርጎ በማየቱ፣ ለሴቶች አንባቢዎች ዋናውን ነገር ሳይነግራቸው እንዳለፈ ስለተሰማኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

የአመጋገብ ለውጥ ሴትን የሚፈትናት ዕድሜዋን ሙሉ በእኩል መጠን አይደለም። ፈተናው የሚበረታባቸው ወቅቶች አሉ፤ አንደኛው እርግዝና ነው። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ሕዋሳት ለኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ የሚሰጡትን ምላሽ ያዳክማሉ፤ ይህም ለጽንሱ የሚበቃ ስኳር በደሟ ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርግ ተፈጥሯዊ ሥርዓት ነው። ቆሽቷ ተጨማሪ ኢንሱሊን ማመንጨት ከቻለ ችግር አይኖርም። ቀድሞውኑ ለዓመታት ከመጠን በላይ ሲሠራ የኖረ ከሆነ ግን በዚህ ጊዜ አቅም ያጥረዋል፤ በእርግዝና ወቅት የሚታየው ስኳር የሚመጣውም በዚህ መንገድ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ የደሜ ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ። ከወለድሁ በኋላ ስለ ወረደ፣ ክትትል ያደርጉልኝ የነበሩት ባለሙያ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጠፍቶልሻል» ብለው አሰናበቱኝ። ከወሊድ በኋላ ከ4ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የስኳር ምርመራ ማድረግ፣ ከዚያም ውጤቱ መልካም ቢሆን እንኳ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መመርመር እንደሚገባኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በእርግዝናዋ ወቅት ስኳር የታየባት ሴት ወደፊት በዓይነት 2 የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሏ ካልታየባት ሴት ከ7 እስከ 10 እጥፍ እንደሚበልጥም አላወቅሁም ነበር። ሁለት ሕፃናትን እያሳደግሁ ወደ ሥራ ስመለስ ቁርሴ ብዙውን ጊዜ የታሸገ ብስኩትና ጣፋጭ መጠጥ ሆነ፤ ከ6 ዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ደሜን ስመረመር ሕመሙ ተገኘብኝ። ስኳሩ «ጠፍቷል» ከመባሌ ይልቅ ማስጠንቀቂያ እንደ ነበር ቢነገረኝ ኖሮ እነዚያን 6 ዓመታት በሌላ መንገድ እኖራቸው ነበር።

በባህላዊው ገበታና በዘመናዊው መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ በፊት የምግቡ አካል መጠበቁና መፍረሱ ይመስለኛል። ያልተፈተገ እህልና ጥራጥሬ ከነአሰሩ ሲበላ ስታርቹ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። ከዚያ የተረፈው አሰር በትልቁ አንጀት ውስጥ ላሉ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፤ እነርሱም በምላሹ ለአንጀት ሽፋንና ለስኳር ቁጥጥር የሚጠቅሙ አሲዶችን ያመነጫሉ። እህሉ ተፈትጎና ልሞ፣ ስኳርና ዘይት ተጨምሮበት ሲቀርብ ግን ብዙ ማኘክ ሳያስፈልገው በፍጥነት ይዋጣል፣ በፍጥነት ይፈጫል፣ ኢንሱሊንንም በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርጋል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ኬቪን ሆል የመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህንን በግልጽ ያሳያል። 20 ሰዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ ለ2 ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሌላ 2 ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንደ ልባቸው እንዲበሉ ተደረገ፤ የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና አሰር በሁለቱም ወቅት ተመጣጣኝ ነበር። በተቀነባበረው ወቅት በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በሉ፣ ክብደታቸውም በአማካይ 0.9 ኪሎ ጨመረ፤ በሌላው ወቅት የዚያኑ ያህል ቀነሱ። ማንም ብዙ ወይም ጥቂት እንዲበሉ አላዘዛቸውም። «ሴቶች ራሳቸውን መግዛት አቃታቸው» የሚለው የተለመደ ወቀሳ በዚህ ፊት ሊቆም አይችልም።

ኢንሱሊን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ በሴት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በስኳር ሕመም አያበቃም። ከመጠን ያለፈ ኢንሱሊን እንቁልጢ (የሴቷ እንቁላል ማመንጫ) የወንድ የሚባሉትን ሆርሞኖች በብዛት እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ጉበትም እነዚያን ሆርሞኖች በደም ውስጥ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የተባለው፣ የእንቁልጢን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር ባለባቸው ሴቶች ዘንድ የወር አበባ መዛባት፣ በፊት ላይ የሚበቅል ፀጉርና የመፀነስ ችግር አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ 10 ሴቶች መካከል በግምት አንዷን የሚነካ ሕመም ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቹ ሕመሙ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይኖራሉ። መንስኤው ምግብ ብቻ አይደለም፤ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው። ምግብ ግን ያባብሰዋል ወይም ያረጋጋዋል።

ገበታ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የፒማ ሕዝብ ታሪክ ያስተምራል። አንድ ዝርያ ያላቸው ወገኖች ከፊሉ በአሜሪካ አሪዞና፣ ከፊሉ በሜክሲኮ ተራሮች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት የአሜሪካኖቹ የስኳር ሕመም መጠን 38 በመቶ ሲሆን፣ በባህላዊ አኗኗር የቀሩት የሜክሲኮዎቹ 6.9 በመቶ ብቻ ነበር። በአውስትራሊያም ተመራማሪዋ ኬሪን ኦዴይ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የስኳር ሕመም ያለባቸው 10 የአገሩ ነባር ተወላጆች ወደ አባቶቻቸው ምድር ተመልሰው ለ7 ሳምንት እያደኑና እየለቀሙ ኖሩ፤ በአማካይ 8 ኪሎ ቀነሱ፣ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸውም በአንድ ሊትር ደም ከ11.6 ወደ 6.6 ሚሊሞል ወረደ።

እዚህ ላይ ግን ጽሑፋችሁ የዘለለውን ማስታወስ ግዴታዬ ነው። እነዚህ ሰዎች ምግባቸው ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴያቸውም የተለየ ነበር፤ ሁለቱን ለያይቶ ውጤቱን ለምግቡ ብቻ መስጠት አይቻልም። የጥንት ገበታ ሁሉ ለሴት ተስማሚ ነበር ማለትም እውነት አይሆንም። የብረት ማዕድን እጥረትና የአዮዲን እጥረት በባህላዊ አመጋገብ ውስጥ እናቶችን ለዘመናት ጎድተዋል፤ ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር የዘመናዊ ሥራ ነው፣ ጥቅሙም የማይካድ ነው።

ሁለተኛው የፈተና ወቅት ማረጥ ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ቀደም ሲል በዳሌና በጭን ይከማች የነበረው ስብ ወደ ሆድ ዕቃ ይዞራል፤ ይህ ስብ ለጉበትና ለልብ ይበልጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ የአንዲት ሴት ክብደት ሳይለወጥ አደጋዋ ሊጨምር ይችላል፤ ሚዛን ይህን አይነግራትም፣ በወገብ ዙሪያ የሚዞር የልብስ ሰፊ ሜትር ግን ይነግራታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን የወገብ ዙሪያ አደጋ መጨመሩን የሚያሳይ፣ ከ88 በላይ የሆነውን ደግሞ አደጋው በእጅጉ መጨመሩን የሚያሳይ አድርጎ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ከ850 ሺሕ በላይ ሰዎችን የያዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየውም፣ የስኳር ሕመም በልብ ደም ሥሮች ሕመም ላይ የሚጨምረው አንጻራዊ አደጋ በሴቶች ላይ ከወንዶች በ44 በመቶ ይበልጣል።

ስለዚህ አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጤና ዓምዳችሁ ወደዚህ ጉዳይ ሲመለስ፣ የክብደት መቀነሻ ምክር ከመስጠቱ በፊት በእርግዝናቸው ስኳር ታይቶባቸው «ጠፍቷል» የተባሉ እናቶች መቼ መቼ መመርመር እንዳለባቸው በግልጽ ያትምላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ