ሂሳብ ቶሎ የምንጠይቀው ለምን እንደሆነ ማን ጠየቀን?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰፈር ምግብና መጠጥ ቤቶች መስተንግዶ ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት ቆሜ ነው። ገንዘብ ተቀባያችን ጋዜጣውን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ «ነይ፣ ስለናንተ ተጽፏል» ብላ ጠራችኝ። በአንድ እጄ ትሪ፣ በሌላው ጋዜጣ ይዤ ጨረስኩት። ስለኛ ስለ አስተናጋጆች መጻፉ እውነት ነው። ከኛ የተሰማ ግን አንድ ቃል የለበትም።

እንዳልሳሳት ደግሜ ቆጠርኩ። አምስት ደንበኞች ተናግረዋል። አንድ የቤት ባለቤት ተናግረዋል። የመስተንግዶ ባለሙያ ለተባሉት ሰውዬ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። አስተናጋጅ ያለችው ፎቶው ላይ ብቻ ነው፤ እሷም ከአንገቷ በላይ ተቆርጣ። የያዘችው ትሪ ከነስድስት ብርጭቆው ሙሉ ለሙሉ ገብቷል።

ብዙውን ነገር እተወዋለሁ። ሙዚቃው ይጮሃል የተባለው ልክ ነው፤ እናንተ ሁለት ሰዓት ሰምታችሁት ትሄዳላችሁ፣ እኔ ይዤው ነው የማድረው። የመጸዳጃ ቤቱንም ነገር አልከራከርም። በያይነቱ ቀዝቅዞ መጣልኝ ያሉት ደንበኛ ግን፣ ቀይ ሥሩና ሰላጣው እንዲፈላላቸው ከፈለጉ ሲያዙ ቢነግሩን ጥሩ ነው። ትኩስ ሆኖ የሚመጣው ሽሮው ነው።

ያላሳለፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘጋቢው ደንበኞች ገና ሳይጎርሱ ሂሳብ እንደሚጠየቁ ከጻፈ በኋላ፣ ምክንያቱንም ራሱ አገኘው፦ የሥነ ምግባር ጉድለት። ባለሙያውም ወዲያው ሥልጠና አዘዙልን። አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ «እህት፣ ምን አስቸኮለሽ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ረጅም አልነበረም።

መልሱ ማርካ ይባላል።

አሁን በምሠራበት ቤት፣ ከዚያ በፊት በሠራሁባቸው ሦስት ቤቶችም፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረቃ ስገባ ከቤቴ ይዤ የመጣሁትን 1,500 ብር ለገንዘብ ተቀባይዋ እሰጣለሁ። እሷ በምትኩ ማርካ ትቆጥርልኛለች፤ ቀለሟ እንደ ዋጋው የሚለያይ፣ ክብ የሆነች ትንሽ ፕላስቲክ ናት። እርስዎ ቢራ ሲያዙ ለባርማኑ ማርካ ሰጥቼ ቢራውን እቀበላለሁ። ጥብስ ሲያዙ ለወጥ ቤቱ ማርካ ሰጥቼ ጥብሱን አወጣለሁ። ስለዚህ ፊትዎ የተቀመጠውን ቢራ ቤቱ ለኔ ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷል። ለእርስዎ በዱቤ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅዎት፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ወለድ። እንዲህ የሚያበድር ባንክ ካለ ይጠቁሙኝ።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልም። በትልልቆቹ ሆቴሎች ትዕዛዙ በማሽን ይገባል፣ ሂሳቡ በደረሰኝ ይወጣል፣ አስተናጋጇ ከኪሷ አታወጣም። ዘገባው ግን የሚያወራው ስለ ሰፈር ቤት ነው፤ የሰፈር ቤት ደግሞ ማርካ ነው።

እንግዲህ አብረን እናስላ። አንድ ቢራ 90 ብር ነው። 1,500 ብሬ 16 ቢራ ይገዛልኛል፣ 60 ብር ይተርፈኛል። አምስት ጓደኛሞች ተቀምጠው አራት አራት ካዘዙና ሂሳቡን ለመጨረሻ ካሉት፣ እኔ ለዚያ ምሽት አለቀልኝ ማለት ነው። ማዶ የተቀመጡት እናት አንድ አምቦ ውሃ ሲያዙኝ «እሺ» ብዬ የምሄደው ውሃ ላመጣ አይደለም፤ ማርካ የምታበድረኝ ጓደኛ ፍለጋ ነው። ያኔ እናትዬው ጠብቀው ጠብቀው «ሲጠሯቸው አይመጡም» ይላሉ። ይህችም ቅሬታ ዘገባው ውስጥ አለች፣ ሦስት አንቀጽ ዝቅ ብላ። ሂሳብ ብንጠይቅ ጉድለታችን የሥነ ምግባር፣ ባንጠይቅ ጉድለታችን የፍጥነት። ሁለቱን ክስ በአንድ ገጽ አውጥቶ አንድ ምክንያት እንዳላቸው ሳያይ የሚያልፍ ዘጋቢ፣ እሱም ሥልጠና ሳያስፈልገው አይቀርም።

ባለቤቱ «ከደሞዛቸው ይልቅ ከደንበኛ የሚያገኙት ይበልጣል» ብለዋል ተብሎ ተጽፏል። ልክ ብለዋል። ደሞዜ በወር 2,000 ብር ነው፤ ከ2,000 ብር ምን የማይበልጥ አለ? ደግሞም ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የምግቡም የመጠጡም ዋጋ ሲወጣ፣ የኔ መነሻ አብሮ መውጣት ነበረበት። በ1,000 ብር እገባበት የነበረው ፈረቃ 1,500 ጠየቀ። ጭማሪውን ከየት እንዳመጣሁት ማንም አልጠየቀኝም፤ ዕቁብ ነው። ደሞዜ ግን ባለበት ነው።

አንድ ቅዳሜ ልንገርዎት። የአርሰናልና የማንቸስተር ጨዋታ ነበር፣ ከምሽቱ 1፡30። እንዲህ ባለ ቀን ቤቱ ውስጥ መንቀሳቀሻ የለም፤ ወንበር ያጣው በቢራ ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ስድስት ሰዎች ያዙት። ሁለት ሸክላ ጥብስ አዘዙ፣ ቢራ አዘዙ፣ ደገሙ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሂሳብ ጠየቅኩ። ኮፍያ ያደረገው ቀና ብሎ አይቶኝ «እህቴ፣ ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ላይ እንከፍላለን። የት እንሄዳለን?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም አፍሬ ሄድኩ። ማርካዬ ሲያልቅ ከሌሎች ጠረጴዛዎች የሰበሰብኩትን እያገላበጥኩ፣ ከጓደኛዬም የ800 ብር ማርካ ተበድሬ አቀረብኩላቸው።

ፊሽካው ሲነፋ ቤቱ በአንዴ ተነሣ። ግማሹ ይዘላል፣ ግማሹ ይራገማል፣ በሩ ላይ መገፋፋት ነው። በሰው መሀል ተሽሎክልኬ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ስድስት ባዶ ወንበር ነው ያገኘሁት። ሸክላው ሥር ያለው ፍም ገና አልከሰመም ነበር። አንዱ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ቢራ አለበት፤ አረፋው እንኳ አልጠፋም። ሽርጤን ሳልፈታ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። ዝናብ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላሉ። ኮፍያ ያደረገ ሰው ብዙ ነው።

ሁለት ሸክላ ጥብስ በ650፣ 1,300 ብር። አሥራ አራት ቢራ፣ 1,260። ሁለት ውሃ፣ 80። ድምር 2,640 ብር። አለቃችን ሰምተው አዘኑልኝ፤ እውነቴን ነው፣ «አይዞሽ» ብለውኛል። ብሩ ግን መሳቢያቸው ውስጥ ነበር፣ እዚያው ቀረ።

ባለሙያው የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ 813/2006ን፣ ጠቅሰው ደንበኛ መብት አለው ብለዋል። አለው። እኔም የማውቀው አዋጅ አለ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። የኔ ሲሶ 666 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነው። «ታዲያ 2,640 እንዴት ተወሰደብሽ፣ ለምን አትከሺም?» ይሉኝ ይሆናል። የማርካ ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው። ከደሞዜ ማንም ምንም አልቆረጠም። ደሞዜ በወሩ መጨረሻ ሙሉ 2,000 ብር ሆኖ መጥቷል፤ ፈርሜ ተቀብያለሁ። የወጣው ብር ቀድሞውኑ ማርካ የገዛሁበት የራሴ ብር ነው። ሕጉ የሚጠብቀው በር ላይ ማንም አልመጣም፣ ሌባው በጓሮ ነው የገባው። ያው አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምም ይናገራል። ወለሉ ግን እስካሁን አልተነጠፈልንም፣ አፈር ላይ ነን።

አዋጅ ካነሣን አይቀር፣ ቤት ውስጥ ማጨስንና ከ21 ዓመት በታች ላሉ አልኮል መሸጥን የሚከለክለው 1112/2011ም አለ። የሚያስከብረው ማን ይመስልዎታል? ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አምስተኛ ቢራውን የጨረሰ ሰው ሲጋራ ሲለኩስ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ውጭ ነው» የምለው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነው ፈገግታ የላቸውም የምንባለው።

ቴሌብር መጥቶ የለ ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። መጥቷል፣ ከግንቦት 2013 ጀምሮ። ደንበኛው ስልኩን አዙሮ «ይኸው፣ ልኬያለሁ» ይለኛል። ገንዘብ ተቀባይዋ የቤቱን ስልክ አይታ «አልገባም» ትለኛለች። ኔትወርክ ነው? የትናንት ደረሰኝ ነው? እኔ በሁለት ስልኮች መሀል የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ያልገባው ብር ሁልጊዜ የኔ ነው።

ንጹሕ ነኝ ለማለት አይደለም ይህን የምጽፈው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ክፉ ሆንኩ። ሁሉንም ሰው ኮፍያ ያደረገ መሰለኝ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሽሮ የሚበሉ አንድ ጡረተኛ አባት አሉ። ከኔ በፊት የቤቱ ደንበኛ ነበሩ፤ እንጀራው ላይ አማትበው ነው የሚጀምሩት። ማክሰኞ ዕለት ሽሮውን እንዳስቀመጥኩ፣ እጃቸውን ታጥበው ገና ሳይቀመጡ፣ «ሂሳብ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔን?» አሉ። ከኮታቸው ውስጥ ኪስ ብሩን አውጥተው ቆጠሩልኝ፤ እጃቸው ከመታጠቡ ገና እርጥብ ስለነበር ብሩም ረጠበ። ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ተነሡ። ሦስት ሳምንት አልመጡም። ዘጋቢያችሁ እሳቸውን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እቀጣ ነበር፤ ይህን ደብዳቤም አልጽፍም ነበር። እሳቸው ግን ለጋዜጣ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ተመልሰው ሲመጡም ስለ ጉዳዩ ምንም አላሉኝም፤ ሽሮው ሳይደርስ ብሩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል። እስካሁንም እንደዚያው ነው። አንሺ ይሉኛል፤ ማንሣት ያስጠላኛል፣ አነሣዋለሁ።

ሥልጠናውንም አልጠላሁም። ትሪ አያያዝ ቢያስተምሩን፣ ከየት በኩል እንደሚቀርብ ቢነግሩን ምን ከፋ። ጭብጨባ ሲሰማ፣ «ማነሽ!» ሲባል፣ ክንድ ሲያዝ ምን እንደሚደረግም ይጨመርበት። ማርካው ግን እንዳለ እያለ አሥር ጊዜ ብሠለጥን፣ ሂሳቡን የምጠይቀው በሰለጠነ አነጋገር ይሆናል እንጂ መጠየቄ አይቀርም። ዘጋቢው ባለቤቱን ሲያገኛቸው አንዲት ጥያቄ ቢያነሣ ኖሮ ይበቃ ነበር፦ ደንበኛ ሳይከፍል ቢሄድ ኪሣራው የማን ነው?

አሁን ወደ አራተኛው ደንበኛ ልምጣ። ሳሪስ አካባቢ ይኖራል የተባለው፣ ስሙ ያልተጻፈው። በአንድ ኳስ ቀን፣ በአንድ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ እንጀራው ገና ሳይዘረጋ ሂሳብ የተጠየቀው። በጣም ከፍቶታል። «ሌባ መሰልናት ወይ? የት እንሄዳለን?» ብሎ መጠየቁን ጽፋችኋል።

ቤታችን ሳሪስ ነው። በኳስ ቀን ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጡትን ቅድሚያ ማስከፈል የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ስድስቱ ሰዎች ከሄዱ ወዲህ። ከነዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ተመልሶ መጥቷል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ያለ ኮፍያ። «የት እንሄዳለን» የሁሉም ሰው አነጋገር ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይሆን ይችላል፣ ካልሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሆነ ደግሞ፣ ጋዜጣ አንባቢ መሆኑን ስላወቅኩ፣ ድምሩ 2,640 ብር ነው። ጉርሻ አልጨመርኩበትም። ቤቱን ያውቀዋል፤ ከሰኞ በቀር ሁልጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ አለሁ።

ስሜን ለእናንተ ብቻ አስታውቄያለሁ፤ አለቃዬ ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ እንዳታወጡት።

አንዲት አስተናጋጅ
ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ